የሰም መስመር

ቨርና የወንድሜን ፎቶ ከግድግዳው አውርዳዋለች። ባለፈው እሑድ የጨው ዓሣ ይዤላት ስሄድ አየሁ። ምስማሩ ብቻ ቀርቷል፤ ከሥሩ ፎቶው የነበረበት ቦታ ከሌላው ግድግዳ ነጣ ብሎ ይታያል። ምነው ብዬ አልጠየቅኳትም። ሻይ ቀዳችልኝ፣ የቆርቆሮውን ወተት ወደ እኔ ገፋ አደረገችው፣ ከዚያም በመስኮቱ ባሕሩን እያየች ጠየቀችኝ።

«ዱልሲ፣ አንቺ እኮ ታላቁ ነሽ። ከልጅነቱ ጀምሮ እንዲህ ግዴለሽ ነበር?»

«አልነበረም» አልኳት። ሻዬን ጨርሼ ወጣሁ።

ስለ ወንድሜ ስለ ሌአንደር ሞት መርማሪዎቹ የጻፉት ወረቀት ቨርና ዘንድ አለ። ሚስቱ ስለሆነች ለእሷ ነው የሰጧት። «ካፒቴኑ ራሱ የሠራውን፣ ለማሽኑ የማይሆን ላስቲክ በራዳሩ ስክሪን ላይ ለጥፎ በዚያ ሲመራ ነበር» ይላል። ወረቀቱ ከመጣ አሥራ አራት ወር ሆነው። ከተጻፈው ሁሉ «ራሱ የሠራውን» የሚለው ብቻ ውሸት ነው። ውሸት መሆኑን የምናውቅ በሕይወት ያለን ሁለት ሰዎች ነን፤ እኔና አጎት ሴልቢ።

ስለዚህ እንዴት እንደሆነ ከመጀመሪያው ልጻፈው።

ኬፕሊን ደሴትን ከዋናው ምድር ጋር የምታገናኘው ጀልባ ሉሲንዳ ነበረች። አባታችን አምብሮዝ ሃያ ስድስት ዓመት መራት። እሱ ሲሞት ሌአንደር መሪውን ያዘ። አጎት ሴልቢ፣ ዘመድ ባይሆኑም ደሴቱ ሁሉ አጎት የሚላቸው ሽማግሌ፣ ከአባዬ ጊዜ ጀምሮ የሞተሩ ሰው ነበሩ። እኔ ደግሞ አጸዳ ነበር፤ ወለሉን፣ ወንበሮቹን፣ ከሁሉም በላይ በመሪው ክፍል ውስጥ ያሉትን መስታወቶች። ባሕር ላይ ጨው የማይገባበት ቦታ የለም። በሩ ተዘግቶ ቢከርም በሳምንት ውስጥ ስክሪን ሁሉ ነጭ ሻሽ ይለብሳል። በዚያ ላይ የአባዬ የትምባሆ ጭስ አለ፣ የአጎት ሴልቢ ናፍጣ የነካ ጣት አለ። በጉም ቀን አንዲት ትንሽ ጀልባ በራዳሩ ላይ እንደ ነጥብ ብቅ ብትል፣ በዚያ ቆሻሻ ውስጥ ጠፍታ ትቀራለች። ስለዚህ በየጠዋቱ አቼቶ በውሃ እየበጠበጥኩ በጋዜጣ እወለውላቸው ነበር።

የራዳሩ መስታወት ግን እንደ ሌላው ዝም ተብሎ አይወለወልም። መስመር አለበት።

ወደ ወደባችን ስትገባ በቀኝህ የቁራ አፍንጫ የምንለው ሾጣጣ ገደል አለ። ከገደሉ ፊት ለፊት፣ ከውሃው ሥር፣ ሰባኪው ተኝቷል። ሰባኪው ቋጥኝ ነው። ማዕበል ሲኖር ውሃው በላዩ እየተሰበረ ያጉረመርማል፤ ድምፁ እቤታችን ድረስ ይሰማል። ሴቶቹ «ሰባኪው ጀመረ፣ ልብስ አስገቡ» ይባባላሉ። ባሕሩ ሲተኛ እሱም ዝም ይላል። የሚፈራው ዝም ሲል ነው። ራዳር ደግሞ ከውሃ በላይ ያለውን እንጂ ከውሃ በታች ያለውን አያይም። ገደሉን ያሳይሃል፣ ሰባኪውን አያሳይህም።

በራዳሩ ላይ ጀልባዋ ሁልጊዜ መሃል ላይ ናት፤ ፊቷ ወደ ላይ ነው። ወደ ቤት ስትመለስ የቁራ አፍንጫ ከላይ በቀኝ በኩል እንደ ብሩህ ነጥብ ብቅ ይላል፤ ጀልባዋ ወደፊት በሄደች መጠን ነጥቡ ወደ ታች ይንሸራተታል። አባዬ ሦስት በጋ ሙሉ፣ ጥርት ባለ ቀን እየወጣ፣ ጫፉ ላይ ብረት የታሰረበት ገመድ እየጣለ የውሃውን ጥልቀት ለካ። ሲበቃው በቀይ የሰም እርሳስ በመስታወቱ ላይ አንድ ቀጥ ያለ መስመር አሰመረ፤ ከመሃሉ በስተቀኝ ሁለት ጣት ርቆ፣ ከላይ እስከ ታች። የገደሉ ነጥብ በዚያ መስመር ላይ እየተንሸራተተ ከወረደ ሰባኪው ከጎንህ ያልፋል። ነጥቡ ከመስመሩ ወደ መሃል ከገባ ግን ወደ ገደሉ ተጠግተሃል፤ ያኔ ጸሎትህን ጀምር።

በጉም ቀን ከዚያ መስመር ሌላ ዓይን አልነበረንም። አባዬ ሲገባ በሬዲዮ «መስመሩ ላይ ነኝ» ይላል፤ እናቴ ይህን ስትሰማ ማንቆርቆሪያዋን ትጥዳለች። ሌአንደርም ተራው ሲደርስ ይህንኑ ይል ነበር። እኔ ከሰዓት በኋላ በወደቡ ቤት ተቀምጬ እጠብቃቸዋለሁ፤ ሬዲዮኑም ማንቆርቆሪያውም ያለው እዚያ ነው።

እኛ ዘንድ ምልክት ይወረሳል። ዓሣ የሚገኝበት ቦታ፣ ቋጥኝ ያለበት ቦታ፣ አባት ለልጁ በቃል ይነግረዋል። የአባቱን ምልክት ላሻሽል ያለ ሰው እስኪሞት ድረስ መሳቂያ ነው። አባዬም ጽዳቱን ሲያስተምረኝ መጀመሪያ የነገረኝ «ዳር ዳሩን ጥረጊ እንጂ በላዩ እንዳትሄጂ» ብሎ ነው። አሥራ ስድስት ዓመት ጋዜጣውን አጥፌ በጫፉ ዳር ዳሩን ጠረግኩ። ከታች ጫፉ ላይ መስመሩ ወደ ግራ ትንሽ ትታጠፋለች፤ አባዬ ሊጨርስ ሲል አጎት ሴልቢ አስነጥሰው ክንዱን ገፍተውት ነው። አባዬ ከሞተ በኋላ ያቺን እጥፋት ሳይ እጁን ያየሁ ይመስለኝ ነበር።

ባለፈው ዓመት በፀደይ ካልቪን የሚባል የራዳር ባለሙያ ከከተማ መጣ። ለአሮጌው ራዳር መለዋወጫ አይገኝም ተብሎ አዲስ ታዟል። እኔ ስደርስ አሮጌው ተነቅሎ፣ ሽቦው ተቆርጦ፣ ወለሉ ላይ ተቀምጧል። በቦታው ሰፊና ጠፍጣፋ ስክሪን ቆሟል፤ እንደ ረጋ ኩሬ ያበራል።

«የሚያጸዱት እርስዎ ነዎት?» አለኝ ካልቪን።

«እኔ ነኝ።»

«በምን ነው የሚያጸዱት?»

«በአቼቶና በጋዜጣ።»

ፊቱ ተኮማተረ። «ይሄን በአቼቶ እንዳይነኩት፣ በአሞኒያም። ጋዜጣማ በጭራሽ! ነጸብራቅ የሚከለክል ስስ ሽፋን አለው፤ አንዴ ከተፋቀ አይመለስም። መጀመሪያ ያጥፉት። ጨርቁን በተጣራ ውሃ ትንሽ ያርጥቡት፤ ስክሪኑ ላይ አይርጩ፣ ውሃው በጠርዙ ይገባል። ከዚያ ሳይጫኑ፣ ከላይ ወደ ታች፣ ቀስ አድርገው።»

«ሰማሽ ዱልሲ?» አለ ሌአንደር። «እንደ ሕፃን ገላ ነው የምታጥቢው።»

«የእኔን ገላ እንኳ እንዲህ አድርጎ ያጠበው የለም» አሉ አጎት ሴልቢ ከሞተሩ ክፍል ብቅ ብለው።

«እርስዎን የሚያጥብ አሞኒያም አይበቃው!» አለ ሌአንደር።

ካልቪን ግራጫ፣ ለስላሳ ጨርቅ አወጣና ሰጠኝ፤ ልክ በስክሪኑ መጠን የተቆረጠ። ማጽጃም ነው፣ ማሽኑ ሲጠፋም ማልበሻ ነው። ሌአንደር ከኪሱ የአባዬን ቀይ የሰም እርሳስ ሲያወጣ ግን ሰውየው ክንዱን ያዘው።

«ምን ልታደርግ ነው?»

«መስመራችንን ላሰምር።»

«በሰም? እዚህ ላይ? ሽፋኑን ይዞት ነው የሚነሳው! መስመር ከሆነ የፈለግከው ማሽኑ ራሱ ያሰምርልሃል።» አንድ ቁልፍ ሲጫን ስክሪኑ ላይ ቢጫ መስመር ብቅ አለ። «ርቀቱን ብቻ ንገረው። አባትህ ከገደሉ ስንት ማይል ርቆ ነበር የሚያልፈው?»

ሌአንደር እርሳሱን ወደ ኪሱ መለሰ።

«መስመሩ ላይ ነበር የሚያልፈው» አለ ሌአንደር።

«እሱማ ገባኝ። መስመሩ ስንት ማይል ነው?»

«መስመር እኮ ነው የምንልህ፤ ምን ማይል ትላለህ!» አሉ አጎት ሴልቢ።

ካልቪን ሳቀ፣ እኛም ሳቅን። ዛሬ ያ ሳቅ ጆሮዬ ውስጥ አለ። ሦስታችንም መስመሩ መስታወቱ ላይ የት እንዳለ በጨለማ እንኳ በጣታችን ማሳየት እንችል ነበር። ባሕሩ ላይ ስንት እንደሆነ ግን አባዬን የጠየቀው አልነበረም፤ እሱም ተናግሮ አያውቅም።

ካልቪን ወለሉ ላይ ያለውን አሮጌ ራዳር አየት አደረገ። «ጠዋት ሳልነቅለው ብትነግሩኝ በራሱ እለካላችሁ ነበር። እንግዲህ ካርታው ላይ ለክታችሁ አስገቡት።»

«ካርታው ሰባኪውን ያለቦታው ነው ያስቀመጠው» አለ ሌአንደር። «አባዬ ካርታውን አምኖ ቢሆን ኖሮ እኔ አልወለድም ነበር።»

ካልቪን በሌላ ወደብ ሌላ ሥራ ነበረው። በዚያው ቀን በሉሲንዳ ወደ ዋናው ምድር አደረስነው፤ ሲወርድ «ምንም ነገር አትለጥፉበት» ብሎን ሄደ። ሌአንደር ሰውየው ከመውረጃው እስኪርቅ ጠበቀና ወደ እኔ ዞረ።

«ከአንቺ በላይ መስመሩን የሚያውቅ የለም። ሥሪልኝ።»

ሠራሁት። እኔ ነኝ የሠራሁት፤ ይህን ደጋግሜ መጻፍ እፈልጋለሁ። የልጆች ደብተር የሚሸፈንበትን ጥርት ያለ ላስቲክ ከሱቅ አመጣሁ። በአሮጌው መስታወት ላይ ዘርግቼ ዙሪያውን፣ መሃሉን፣ መስመሩን፣ የማስነጠሱን እጥፋት ሳይቀር ቀዳሁት። ክቡን ተከትዬ በመቀስ ቆረጥኩት። ከዚያ አዲሱ ስክሪን ላይ ወስጄ የላስቲኩን መሃል ከስክሪኑ መሃል አገጣጠምኩ። ዙሪያውን ሦስት ጣት ጎደለው።

«የሕፃን ሸሚዝ ለጎረምሳ!» አሉ አጎት ሴልቢ።

«ዳር ዳሩ ምን ያደርግልናል?» አለ ሌአንደር። «የምንፈልገው መስመሩን ነው።»

«መሃሉ ልክ ገጥሟል» አልኩ። ኮርቼ ነበር።

ላስቲኩ ከስክሪኑ ጠርዝ ስላልደረሰ በአራት በኩል ረጃጅም ፕላስተር አድርጌ እንደ ቆዳ ወጠርኩት። ሽፋኑን እንዳይነካ ፕላስተሩን ያጣበቅኩት ክፈፉ ላይ ብቻ ነው። ሌአንደር የማሽኑን እይታ አንድ ተኩል ማይል ላይ አደረገው፤ አባዬም ሁልጊዜ አንድ ተኩል ማይል ላይ ነበር የሚያደርገው፣ የአሮጌው ራዳር ማዞሪያ እዚያ ቁጥር ጋ ተፍቆ ነጥቷል። እይታው ያው፣ መሃሉ ያው፣ መስመሩም ያው ሆነ። ወንድሜ ትከሻዬን አቀፈና «አባዬ ተመልሶ መጣ» አለኝ።

በሰኔ አጋማሽ ጥርሴን ለማስነቀል ወደ ዋናው ምድር ሄጄ ስመለስ ቀኑ ብራ ነበር። ሌአንደር በዓይኑ ነው የሚመራው፤ የቤተ ክርስቲያኑን ጉልላትና የወደቡን ቤት ጭስ ማውጫ አሰልፎ። ራዳሩን አያየውም። እኔ ከአጠገቡ ቆሜ ጨርቁን ይዤ የክፈፉን አቧራ እጠርጋለሁ። የቁራ አፍንጫ ነጥብ ከላይ ብቅ አለና መውረድ ጀመረ። መስመሩ ላይ አይደለም። ከመስመሩ ውጭ፣ አንድ ጣት ርቆ፣ ከመስመሩ ጎን ለጎን ቀጥ ብሎ ወረደ።

«ሊ» አልኩት፣ ከልጅነቱ እንዲህ ነበር የምጠራው። «ነጥቡ ከመስመሩ ወጥቷል እኮ። አንድ ጣት።»

አንዴ አየት አደረገው። «ወደ ውጭ ነው። ሰፋ አድርጌ ስለወሰድኳት ነው። አባዬ ጠጋ ይል ነበር፤ ደፋር ነበር።»

«በድሮው ግን እንዲህ ባለ ቀን...»

«ዱልሲ፣ ያ ሐኪም የወጋሽ ድድሽን ነው ጭንቅላትሽን?»

አጎት ሴልቢ ከታች ሆነው ሳቁ። እኔም ሳቅኩ፤ ግማሽ ፊቴ ደንዝዞ ስለነበር በግማሹ ብቻ። ልለው የነበረው ግን እውነት ነበር። በድሮው ራዳር እንዲህ ባለ ብሩህ ቀን፣ በዚሁ ጉልላትና በዚሁ ጭስ ማውጫ ሲመጣ፣ ነጥቡ በመስመሩ ላይ ነበር የሚወርደው። አሥራ ስድስት ዓመት አይቼዋለሁ። አንድ ጣት ከየት መጣ? ይህን ጥያቄ እንደ ትኩስ ድንች ይዤው ትንሽ ቆየሁ፤ ከዚያ ጣልኩት። መስመሩ የአባዬ ነው፣ የቀዳሁት እኔ ነኝ። ሁለታችንም የምንሳሳት አልመሰለኝም።

በዚያ በጋ ጉም ሳይመጣ ቆየ። ሰዎች እንዲህ ያለ በጋ አይተን አናውቅም ይላሉ፤ ሴቶቹ ልብስ እያሰጡ «ዘንድሮ ሰባኪውም ዕረፍት ወጥቷል» ይቀልዳሉ። እኔ በየጠዋቱ ስክሪኑን አጠፋለሁ፣ ጨርቁን አረጥባለሁ፣ ላስቲኩን በአንድ በኩል ገለጥ አድርጌ ከሥሩ እጠርጋለሁ፣ መልሼ እወጥረዋለሁ። አንድም የጨው ነጠብጣብ አልነበረበትም። ሌአንደር ለሰው ሁሉ «የእህቴን ስክሪን አይታችኋል? ፊታችሁን ትላጩበታላችሁ» ይል ነበር።

ነሐሴ አሥራ ዘጠኝ ቀን ጠዋት ብራ ነበር። ሉሲንዳ ደብዳቤና ዱቄት ልታመጣ ሄደች፤ ሌአንደርና አጎት ሴልቢ ብቻ ነበሩ፣ ሲመለሱም ተሳፋሪ አልነበራቸውም። ከምሳ በኋላ ጉሙ መጣ። በነፋስ አልመጣም፤ ባሕሩ ላይ ተኝቶ ቆይቶ የተነሳ ይመስል ነበር። መጀመሪያ የቁራ አፍንጫን ወሰደው፣ ከዚያ የወደቡን ጫፍ፣ ከዚያ እጄን ዘርግቼ የምነካውን አጥር። ማዕበል አልነበረም። ጆሮዬን ሰጥቼ አዳመጥኩ። ሰባኪው ዝም ብሏል።

አሮጌውን ራዳር በወደቡ ቤት ውስጥ አስቀምጠነው ነበር፤ ሻይ የምናቀርበው በእሱ ላይ ነው። ማንቆርቆሪያውን ውሃ ሞላሁና ምድጃው ጎን አደረግኩት። የካልቪንን ግራጫ ጨርቅ ጠዋት አጥቤ አስጥቼው ስለነበር ደርቋል። ላጥፈው ብዬ ኩባያዎቹን አነሳሁና አሮጌው መስታወት ላይ ዘረጋሁት።

በሁሉም በኩል ተረፈ። እጄን አስቀመጥኩበት። ሦስት ጣት።

እዚያ አዲሱ ስክሪን ላይ ላስቲኩ ሦስት ጣት ጎድሎት ነበር። እዚህ ሦስት ጣት ተረፈ።

አሁን በወረቀት ላይ አስልቼዋለሁ። በአሮጌው መስታወት ከመሃል እስከ ጠርዝ ስድስት ጣት ነው፤ አንድ ተኩል ማይል ባሕር በስድስት ጣት ውስጥ ታጥፎ ነበር የሚቀመጠው። በአዲሱ ያው ባሕር በዘጠኝ ጣት ላይ ተዘርግቷል። የአባዬ ሁለት ጣት በአሮጌው ግማሽ ማይል ነበር። በአዲሱ ግን ሲሶ ማይል ብቻ ነው፤ ግማሽ ማይል እንዲሆን ሦስት ጣት መሆን ነበረበት። ባሕሩ ሲሰፋ መስመሩ አብሮ አልሰፋም። በሰኔ ያየሁት አንድ ጣት እሱ ነበር። ወንድሜ በዓይኑ ሲመራ ትክክል ነበር፤ የተሳሳተው መስመሩ ነው። በጉም ደግሞ ዓይኑን ትቶ መስመሩን ይከተላል።

ያን ቀን ይህን ሁሉ አላሰላሁም። መስመሩ ወደ ገደሉ እንደሚያስጠጋ ብቻ ገባኝ። ሬዲዮኑ ጋ እንዴት እንደደረስኩ አላስታውስም። ቁልፉን ተጭኜ ጮህኩ፦

«ሊ! ሊ! መስመሩን ተወው! ወደ ግራ ውጣ!»

ቁልፉን ስለቅ የእሱ ድምፅ ከመሃል ጀምሮ ተሰማኝ።

«...ላይ ነኝ። ማንቆርቆሪያዋን ጣጃት፣ ዱልሲ።»

ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ ከተጫነ ሬዲዮ አንዱንም ለሌላው አያሰማም። እኔ ስጮህ እሱ መስመሩ ላይ ነኝ እያለኝ ነበር። እንደገና ተጫንኩ። «ወደ ግራ! ሊ፣ ወደ ግራ! መስመሩ ተሳስቷል!» ለቀቅኩ። ጠበቅኩ። ሬዲዮኑ ሽሽ ይላል። ከዚያ ከጉሙ ውስጥ አንድ ድምፅ ሰማሁ። ትልቅ አልነበረም፤ ባዶ በርሜል ተንከባሎ የመጋዘን በር እንደመታ ያለ ነበር። አንዴ ብቻ።

አጎት ሴልቢን የሸርጣን አጥማጆች በአንድ ሰዓት ውስጥ ከውሃ አወጧቸው። የዱቄት ሳጥን አቅፈው ነበር። ሌአንደርን በሦስተኛው ቀን አገኙት። አጎት ሴልቢ በኋላ እንደነገሩኝ የሞተሩን ጩኸት ቀንሰውለት ከጎኑ ቆመው ነበር። ነጥቡ ላስቲኩ ላይ ካለው ቀይ መስመር ንቅንቅ አላለም። «አባትህ ራሱ እንዲህ አድርጎ አላስኬዳትም» አሉት። ደስ ብሎት ሳቀ። ሁለተኛው ጩኸቴ በሬዲዮ ሲመጣ ወደ እሳቸው ዞረና «ምን አለች?» አለ። ጀልባዋ ያኔ ሰባኪው ላይ ወጥታ ተነሳች።

መርማሪዎቹ በሁለተኛው ሳምንት መጡ። በትምህርት ቤቱ አዳራሽ እኔና አጎት ሴልቢ ጎን ለጎን ተቀመጥን። የሚጠይቀን ከመርማሪዎቹ አንዱ ነው፤ ትሑት ሰው ነበር።

«ላስቲኩን ማን ነው የሠራው?»

አፌን ከፈትኩ። አጎት ሴልቢ ጉልበቴን በጠረጴዛው ሥር ጨበጡት።

«ካፒቴኑ» አሉ።

ሰውየው ጻፈ። እኔም አላረምኩትም።

ውጭ ስንወጣ «አጎቴ፣ ምን አደረጉኝ?» አልኳቸው።

«የሞተ ሰው ስሙ ቢከብድበት አይጎብጥም» አሉኝ። «አንቺ ግን እዚሁ ደሴት ላይ፣ ከእኛው ጋር ነው የምትኖሪው።»

ያን ጊዜ ምክር መሰለኝ። ለመቀበልም ቀላል ነበር። ወንድሜን ለሁለተኛ ጊዜ መግደሌ እንደሆነ የገባኝ የቨርናን ግድግዳ ሳይ ነው።

አሁን ሌላ ጀልባ መጥታለች፣ ሌላ ካፒቴንም። ስክሪኖቿን የማጸዳው እኔ ነኝ፤ ሌላ ሥራ አላውቅም። መስመሩን ማሽኑ ነው የሚያሰምረው፤ ቢጫ ነው፣ ሲያጠፉት አብሮ ይጠፋል። ወልውዬ አላጠፋውም፣ ብፈልግም አልችልም። በጠፋው ስክሪን ላይ ጨርቁን ከላይ ወደ ታች ስስብ ግን ከመሃሉ በስተቀኝ፣ ሁለት ጣት ላይ ስደርስ፣ እጄ ዞር ብሎ ያልፋል። ካፒቴኑ አንድ ቀን አይቶኝ «እዚያ ጋ ሁልጊዜ ትዘያለሽ» አለኝ። እውነቱን ነው፤ እዚያ ቦታ ላይ ቀጭን የጨው ጭረት ቀርቶ ነበር። ተመልሼ ጠረግኩት።

ትናንት አጎት ሴልቢ ቤት ሄድኩ። ሳል ይዟቸው ከምድጃው አጠገብ ተቀምጠዋል።

«ለቨርና ልነግራት ነው» አልኳቸው።

እሳቱን ቆሰቆሱ። «ትጠላሻለች።»

«አሁን እሱን ነው የምትጠላው።»

«ወረቀት ላይ ጽፈሽ ስጫት። አፍሽ መሃል ላይ ይከዳሻል፤ አውቅሻለሁ።» ሳሉ፤ ከዚያ ጫማቸውን በእግራቸው ፈለጉ። «ብቻሽንም አትሄጂም። የዋሸሁት እኔ ነኝ።»

ሌሊቱን ጽፌ ይኸው ጨረስኩ። አሮጌውን ራዳር በእጅ ጋሪ ጭነነዋል፤ ግራጫው ጨርቅም በላዩ ታጥፎ ተቀምጧል። በቃሌ ብትጠራጠር ጨርቁን ጠረጴዛዋ ላይ፣ በመስታወቱ ላይ እዘረጋላትና ጣቷን ይዤ ዳሩን አስለካታለሁ። ጠዋቱ ጉም ነው፤ ከዚህ የቤቷ ጣሪያ እንኳ አይታይም። ባሕሩ ተኝቷል፣ ሰባኪውም ድምፅ የለውም። አጎት ሴልቢ በሩ ላይ ቆመው የጋሪውን እጀታ ይዘዋል፤ «ነይ እንጂ» ይላሉ። ካነበበች በኋላ ምን እንደምትለኝ፣ ከዚያ ወዲያ ደጇን ትከፍትልኝ እንደሆነም አላውቅም። ፎቶውን ብታወርደውም ምስማሩን ግን አልነቀለችውም።